ሎጁ ሲዘጋ ማዕዱን ትተን ለምን እንበተናለን?

ደቡብ_ወንበር ጻፈ፦

ሰላም ወንድሞች፣ እህቶችም ካላችሁ። ሰሞኑን የሚያብሰለስለኝን ነገር ይዤ መጣሁ።

በሎጃችን፣ ማለትም በፍሪሜሶን የወንድማማችነት ማኅበር የአካባቢ ጉባኤያችን፣ የዘንድሮው ጁኒየር ዋርደን (ከማስተሩ፣ ማለትም ከሰብሳቢው፣ ቀጥሎ ካሉት ሁለት ሹሞች ታናሹ) እኔ ነኝ። የፍሪሜሶን ሎጅ ውስጥ ገብቶ ለማያውቅ ሰው፣ ማስተሩ በምሥራቅ ይቀመጣል፣ ሲኒየር ዋርደኑ በምዕራብ፣ ጁኒየር ዋርደኑ በደቡብ። ከጥንት ጀምሮ የደቡቡ ወንበር ሥራ ወንድሞችን ከሥራ ወደ ዕረፍት፣ ከዕረፍት ወደ ሥራ መጥራት ነው። በሁለቱ ዋርደኖች ፊት ትንንሽ ዓምዶች አሉ። ሎጁ ሲከፈት የሲኒየሩ ይቆማል፣ የእኔ ይጋደማል። ለዕረፍት ሲወጣ ወይም ሎጁ ሲዘጋ ደግሞ የእሱ ይጋደማል፣ የእኔ ይቆማል። የእኔ ዓምድ የሚቆመው እንግዲህ ሰው አብሮ ለመቀመጥ በሚነሳበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ግን ሰው የለም።

ወሩ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ጸሐፊው የጥሪ ወረቀቱን ይልካል። በመሃል ልምምድ አለ፣ ምክንያቱም ንግግሩ ሁሉ በቃል ነው። የስብሰባው ምሽት ጥቁር ልብስ፣ ነጭ ጓንት፣ ሽርጥ። ቃለ ጉባኤው ይጸድቃል። አመልካች ካለ በነጭና በጥቁር ኳስ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ የአዲስ ወንድም ቅበላ ወይም አንድ ወንድም ወደሚቀጥለው የአባልነት ደረጃ የሚያድግበት ሥነ ሥርዓት ይከተላል። መጨረሻ ላይ ማስተሩ ሦስት ጊዜ ተነስቶ የቀረ ነገር እንዳለ ይጠይቃል፣ ከዚያ ሎጁ ይዘጋል።

እስከዚህ ድረስ አዳራሹ ሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሽርጡ ገና ቦርሳ ሳይገባ የመኪና ቁልፍ ከኪስ ይወጣል። ለማዕድ የተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ግማሹ ባዶ ይሆናል። የምንቀረውም አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበን እንበላለን። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። አንድ ሎጅ ለብዙ ዓመት የሚቆየው ሰው በደንብ ስለሸመደደ ብቻ አይመስለኝም።

እናንተ ጋ እንዴት ነው?

---

የሁለት_ልጆች_አባት፦

ወንድም ደቡብ፣ ቁልፍ ከሚያወጡት አንዱ ነኝና በግልጽ ልመልስልህ።

ከሥራ በቀጥታ ነው የምመጣው። ስብሰባው ራሱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ሁለት ደረጃ ካለ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ከዚያ ማዕድ። ከማዕዱ ይልቅ የሚያደክመኝ ጽዋ የማንሳቱ ነገር ነው። ለአገሩ መሪ ይነሳል፣ ሎጆቹን ሁሉ ለሚመራው ለግራንድ ማስተር ይነሳል፣ ለምክትሉ፣ ለሌሎቹ ባለሥልጣናት፣ ለማስተሩ፣ ለአዲሱ ወንድም፣ ለእንግዶች። ለአብዛኛው ደግሞ መልስ የሚሰጥ ተናጋሪ አለ። አንዳንዱ ተናጋሪ ሲጀምር እንጂ ሲጨርስ አታየውም። ቤቴ ስደርስ ልጆቼ ተኝተዋል፣ ባለቤቴ ተኝታለች፣ ጠዋት ደግሞ ሥራ አለ።

ወንድማማችነቱን እወደዋለሁ። ግን ሰው ከቤቱ እየተኳረፈ የሚያመጣው ወንድማማችነት ምን ይረባል?

---

ጸሐፊው፦

የሁለት ልጆች አባት እውነቱን ነው። ለማዕድ ስም ካስመዘገቡት ውስጥ ባለቀ ሰዓት የሚቀሩ ስላሉም የተዘጋጀው ይተርፋል። ያ ከሎጁ ካዝና ይወጣል።

---

የቀድሞ_ማስተር፦

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የመጀመሪያው ግራንድ ሎጅ፣ ማለትም ሎጆችን የሚያስተዳድረው የበላይ አካል፣ የተመሠረተው እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1717 ለንደን ውስጥ፣ ጉስ ኤንድ ግሪድአይረን በሚባል መጠጥ ቤት ነው። የመሠረቱት አራት ሎጆችም ስማቸው የሚሰበሰቡባቸው መጠጥ ቤቶች ስም ነበር። ዛሬ የምናውቀው ባለ ሁለት ቀለም ምንጣፍና ትልልቅ ወንበር አልነበረም። ወንድሞች በአንድ ክፍል ውስጥ በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። የደረጃው ምልክቶች በጠመኔ ወለሉ ላይ ይሳላሉ፣ ሲያልቅ በውሃ ይታጠባሉ። በኋላ ነው የተሳለ ጨርቅ፣ ቀጥሎም ዛሬ የምናየው ሥዕላዊ ሰሌዳ የመጣው። ሥራውና ማዕዱ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ማዕዱን እንደ ትርፍ ነገር ማየት የኋላ ሰው ሐሳብ ነው።

ስለ ቀኑም ልጨምር። የመንገድ መብራት ባልነበረበት ዘመን ብዙ ሎጆች የሚሰበሰቡት ጨረቃ በምትሞላበት ሰሞን ነበር። ሰው በሌሊት በፈረስ ሲመለስ መንገዱ እንዲታየው ነው። አሜሪካ ውስጥ ዛሬም የስብሰባ ቀናቸውን በጨረቃ የሚቆጥሩ ሎጆች አሉ። ያኔ ሰው ያንን ሁሉ መንገድ የሚመጣው ቃለ ጉባኤ ሰምቶ ሊሄድ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ለአንተ፣ የሁለት ልጆች አባት። እ.ኤ.አ. በ1723 የታተመውን የመጀመሪያውን ሕገ ደንብ አውጣና እይ። ሎጁ ከተዘጋ በኋላ ወንድሞች ገና ሳይበተኑ ስላላቸው ሥነ ምግባር የሚናገር ክፍል አለው። ንጹሕ በሆነ ደስታ ተጫወቱ፣ እንደ አቅማችሁ ተጋበዙ ይላል። ወዲያው ቀጥሎ ማንንም ከፍላጎቱ በላይ ብላ ጠጣ ብላችሁ አታስገድዱ፣ ጉዳይ ያለበትንም አትከልክሉት፣ ይሂድ ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ለጤናችሁ አስቡ፣ ከሎጅ ሰዓት በኋላ እጅግ አታምሹ፣ ከቤታችሁም ብዙ አትራቁ ብሎ ይመክራል።

ስለዚህ ማዕዱ ይኑር የሚለውም፣ ሰው በጊዜ ቤቱ ይግባ የሚለውም እዚያው ደንብ ውስጥ አለ። የሚያምሹት ንግግሮቹ ናቸው። እነሱን የጫንናቸው እኛው ነን።

---

የሁለት_ልጆች_አባት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያንን ክፍል አንብቤው አላውቅም ነበር። ለማስተራችን አሳየዋለሁ።

---

ጠያቂ_ሰው፦

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። አባል አይደለሁም። እኛ ስንሰማ ያደግነው ፍሪሜሶን ማለት ኢሉሚናቲ ነው፣ ከተዘጋ በር ጀርባ ዓለምን የሚመሩ ሰዎች ናቸው ሲባል ነው። እናንተ ደግሞ የምትከራከሩት ስለ እራትና ስለ ንግግር ርዝመት ነው። የትኛውን ልመን? ለጠብ አይደለም፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

---

በር_ላይ፦

ጠያቂ ሰው፣ ጥያቄህ ቅር የሚያሰኝ አይደለም። በሩን የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ እኔ ልመልስልህ።

ኢሉሚናቲ የሚባለው ማኅበር በእርግጥ ነበረ። አዳም ቫይስሃውፕት የሚባል ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1776 በባቫሪያ የመሠረተው ነው። ፍሪሜሶን ሎጆች ውስጥ ገብቶ አባል መመልመሉም እውነት ነው። የባቫሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1784 ጀምሮ ባወጣቸው አዋጆች አገደውና ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ዛሬ በየቪዲዮው የሚወራው ከዚያ ስም ላይ የተገነባ ወሬ ነው።

ምሥጢሩን በተመለከተ፣ የምንጠብቀው አንዱ ሌላውን የሚያውቅበትን ምልክትና ቃል ነው። እሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1730 ለንደን ውስጥ ታትሞ በአደባባይ ተሸጧል። የምንጠብቀው ቃል ስለገባን ነው። ሎጅ ውስጥ ስለ ፖለቲካና ስለ ሃይማኖት መከራከር ክልክል ነው። ዓለምን ሊመራ የተሰበሰበ ሰው ስለ ፖለቲካ አትናገር ቢባል ምን ሊሠራ ነው?

እኔ ታይለር ነኝ። ታይለር ማለት የተመዘዘ ሰይፍ ይዞ ከበሩ ውጭ የሚቆም ሰው ነው። ከሌላው ሰው ቀድሜ እደርሳለሁ። የመዝገብ ፊርማ አስፈርማለሁ፣ የዘገየውን ሽርጡን አስተካክዬ በሩን አንኳኩቼ አስገባለሁ። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ውስጥ ሲናገሩ በበሩ ድምፅ ይሰማኛል እንጂ ፊት አላይም። አዲሱን ወንድም ከመግባቱ በፊት የማዘጋጀው እኔ ነኝ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ የማየውም እኔ ነኝ። ከገባ በኋላ ግን ምን እንደሆነ አላይም።

ወንድም ደቡብ፣ ለዚህ ነው የአንተ ጥያቄ ልቤን የነካኝ። ለእኔ ሎጁ ማለት ማዕዱ ነው። ያ ያዘጋጀሁት ልጅ መጥቶ አጠገቤ ሲቀመጥና ፊቱ ፈክቶ ሳየው፣ ምሽቱ ለእኔ ያኔ ይጀምራል። የመጨረሻውን ጽዋም የሚያነሳው ታይለሩ ነው። በየትኛውም የምድር ዳርቻ ወይም በባሕር ላይ ላሉ የተቸገሩ ወንድሞች ነው የሚነሳው። ከችግራቸው ፈጥነው እንዲወጡ፣ ከፈለጉም ወደ አገራቸው በሰላም እንዲመለሱ እንመኛለን። ሰው ቀድሞ ከሄደ ያንን የምለው ለባዶ ወንበር ነው።

---

ጠያቂ_ሰው፦

አመሰግናለሁ። እንዲህ በግልጽ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም።

---

ቃለ_ሕይወት፦

እኔም አባል አይደለሁም። በመከባበር አንድ ነገር ልበል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1738 ጀምሮ ምእመናኗ እንዳይገቡ ከልክላለች፣ እ.ኤ.አ. በ1983ም አጽንታዋለች። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም የሚቃወሙ አሉ። ይህን ሳይናገሩ ሰውን በወንድማማችነት ብቻ መሳብ ተገቢ አይመስለኝም።

---

የቀድሞ_ማስተር፦

ተገቢ ነው ያልሽው። ወይም ያልከው፣ ከስሙ አልለየሁም።

ወደ እኔ መጥቶ መግባት እፈልጋለሁ የሚል ሰው ሃይማኖቱ ምን እንደሚል እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ። ከቤተሰቡም ጋር እንዲመክር እነግረዋለሁ። በእኛ ሥርዓት የሚገባ ሰው በፈጣሪ ማመን አለበት። ቅዱሱ መጽሐፍ ሳይዘረጋ ሎጅ አይከፈትም። የተለያየ እምነት ያላቸው ወንድሞች ባሉበት ከአንድ በላይ መጽሐፍ ጎን ለጎን ሊዘረጋ ይችላል። ሎጅ ግን የአምልኮ ቦታ አይደለም፣ ሃይማኖትንም አይተካም። የአንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን አትግባ ካለችውና እሱም ከታዘዘ አከብረዋለሁ። ህሊናው እየወቀሰው የሚገባ ሰው ለራሱም ለሎጁም አይሆንም።

---

ጎብኚው፦

በሥራዬ ምክንያት ብዙ ቦታ ሎጅ ጎብኝቻለሁ፣ ስለዚህ ስለ ሰዓቱ የማውቀውን ላካፍል።

እንግሊዝ ውስጥ ብዙዎቹ ሎጆች በዓመት የሚሰበሰቡት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፣ ማዕዱም ከስብሰባው በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ወርሃዊው መደበኛ ስብሰባ ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል ማለት ይቻላል። ብዙ ቦታ የሚበላው ሎጁ ከመከፈቱ በፊት ነው። ሰው ከሥራ መጥቶ ይበላል፣ ይጨዋወታል፣ ከዚያ ይገባል። ሲዘጋ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰው አይጎድልም። የጎደለ የመሰለኝ አንድ ነገር አለ። ከሥነ ሥርዓት በፊት ሲበላ ወሬው ስለ ሥራ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ አየር ነው። ከሥነ ሥርዓት በኋላ ሲሆን ሰው ያየውን ነገር ይዞ ስለሚቀመጥ ወሬው ይለያል። ፈረንሳይ ውስጥ ማዕዱን አጋፕ ይሉታል፣ እሱም በኋላ ነው፣ ክርክሩም ያምራል።

---

ሰማያዊ_ሪባን፦

እህቶችም ካላችሁ ላልከው፣ አለን። እኔ የሴቶች ሎጅ አባል ነኝ። ለማያውቁ፣ ማሪያ ደሬም ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1882 ሎጅ ገባች። እ.ኤ.አ. በ1893 ደግሞ ወንድና ሴት አብረው የሚሠሩበት ለ ድሯ ዩመ የሚባለው ሥርዓት ተመሠረተ። እንግሊዝ ውስጥ ዛሬ የሴቶች ብቻ የሆነው ሥርዓት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 ተመሠረተ። የእናንተ ግራንድ ሎጆች እኛ ጋ እንዳትጎበኙ ይከለክሏችኋል፣ ያንን አውቃለሁ። የማዕዱ ጉዳይ ግን የጋራችን ነው።

እኛ ጋ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ጽዋ የሚነሳላቸውን አጠቃለልን። ባለሥልጣናቱ ሁሉ በአንድ ጽዋ ይጠቃለላሉ። መልስ የሚሰጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ አዲሷ እህትና አንዲት እንግዳ። ምግቡም አንድ ዙር ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሚሄድ ሰው ቢኖርም ጥቂት ነው። የሚቆየውም ሰዓቱን እያየ አይቀመጥም።

አዲሷ እህት መልስ መስጠቷን ግን እንዳትነኩባት። ሎጅ ውስጥ ሁሉ ሰው ይናገርላታል እንጂ እሷ በራሷ ቃል አትናገርም። የራሷን ድምፅ የምንሰማው ማዕድ ላይ ነው።

---

አልሞነሩ፦

ይህን ክር ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። እኔ የምለው ከሌላ በኩል ነው።

አልሞነር ማለት የታመመውን፣ ያዘነውን፣ ሥራ ያጣውን፣ የሞተ ወንድም ሚስትን የሚከታተል ሹም ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከስብሰባ የቀሩ ሰዎች ስም አለ። ስብሰባው በተደረገ ማግስት ስልክ እደውላለሁ። ብዙ ሰው ግን ሲጠየቅ ደህና ነኝ ነው የሚለው። ኩሩ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይናገርም። ስለዚህ የእኔ ሥራ ግማሹ ያልተነገረውን ማየት ነው። የማየው ደግሞ ማዕድ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ ስሙን አልጠራም። በዕድሜ ከፍ ያሉ ወንድማችን ናቸው። ሎጅ ውስጥ ምንም አይታይባቸውም። ሁላችንም ቀጥ ብለን፣ እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ነው የምንቀመጠው። በቃል የሚሉትን አንድ ፊደል አይስቱም። ማዕድ ላይ ግን ጽዋ ሲነሳ ብርጭቆውን አያነሱም። እኛ ጋ ያሉት ብርጭቆዎች ታቹ ወፍራም የሆነ ነው፣ ጽዋ ከተነሳ በኋላ በአንድነት ጠረጴዛው ላይ የምናንኳኳው። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር በግራ እጃቸው ይዘው ቁጭ ይላሉ። አጠገባቸው የነበረው ወጣት ልጅ ሥጋውን ሳያስታውቅ ቆረጠላቸው፣ ብርጭቆውንም ግማሽ ብቻ ቀዳላቸው። ወጣቱ ያንን ለእኔ ባይነግረኝ ኖሮ የማውቅበት መንገድ አልነበረም። ቤታቸው ሄድኩ። ቁልፋቸውን እንኳ በሩ ውስጥ ለማስገባት ይቸገሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳቸው ሰው ተመደበ፣ ወደ ሎጅም የሚያመጣቸው ሰው አለ።

የሚያመጣቸው ያ ወጣት ነው። እሱም ልጆች አሉት።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ የሰዓቱ ዘንጎች ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠሩ፣ ብዙ ሎጆች ከስብሰባው ለቀሩ ወንድሞች ጽዋ ያነሳሉ። እኛም እናነሳለን። በእኔ አስተያየት ከጽዋዎቹ ሁሉ ማሳጠር የሌለብን ይህንን ነው። ያን ሰዓት የቀሩትን በስም እጠራለሁ። ስሙ ሲጠራ እገሌን እኮ ባለፈው ሳምንት አየሁት፣ ፊቱ ጥሩ አልነበረም የሚል ሰው አይጠፋም። ደብተሬ የሚሞላው በዚያ ነው።

የሚሰበሰበው የምጽዋት ገንዘብም ቢሆን ለማን እንደሚያስፈልግ ካልታወቀ ካዝና ውስጥ ይተኛል።

---

አዲስ_ገቢ፦

በቅርቡ ነው የተቀበላችሁኝ ማለት እችላለሁ። ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነኝ፣ ነጭ ሽርጥ።

ሎጅ ውስጥ ሁሉም በሹመቱ ነው የሚጠራው። ማስተር፣ ዋርደን፣ ዲያቆን። ማን ማን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። ማዕድ ላይ ነው አንዱ አናጢ፣ አንዱ ነርስ፣ አንዱ ጡረታ የወጣ አስተማሪ መሆኑን ያወቅኩት። ማስተሩ ራሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እሱ በተቀበለበት ምሽት ምን እንደተሰማው ነገረኝ። ለሚቀጥለው ደረጃ የምመልሳቸውን ጥያቄዎች ማን እንደሚያስጠናኝም እዚያው ተወሰነ።

ስለዚህ ሁለት ልጆች ያለህ ወንድም፣ ሁልጊዜ ባይሆንም አዲስ ሰው በገባ ምሽት ለማዕድ ብትቆይ ደስ ይለኛል። እኛ አዲሶቹ የምንጠብቀው በዕድሜ የሚቀርበንን ሰው ነው።

---

የሁለት_ልጆች_አባት፦

ይህንን እቀበላለሁ። ቅበላ ባለበት ምሽት እቆያለሁ። አልሞነሩ የጻፉትን ደግሞ ባለቤቴም አነበበችው።

---

ደቡብ_ወንበር፦

ከጠበቅኩት በላይ ተማርኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ለኮሚቴው ይዤ የምገባው እንዲህ ነው። ቃለ ጉባኤው ከጥሪ ወረቀቱ ጋር ቀድሞ ይላክ፣ ሎጅ ውስጥ ሳይነበብ ይጽደቅ። አስፈላጊ ካልሆነ በቀር ሁለት ደረጃ በአንድ ምሽት አይደረብ። ለባለሥልጣናት አንድ ጽዋ ይበቃል። መልስ የሚሰጡት አዲሱ ወንድምና አንድ እንግዳ ይሁኑ። ለቀሩት የሚነሳው ጽዋ በሰዓቱ፣ ስማቸው እየተጠራ ይነሳ። የታይለሩ ጽዋ ደግሞ መሽቶ ሰው ሳያልቅ እንዲነሳ የምሽቱ መዝጊያ ሰዓት ጥሪ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ሰው ስንት ሰዓት ቤቱ እንደሚገባ ካወቀ ይቀመጣል ብዬ አምናለሁ። ቀድሞ መውጣት ያለበትም ሳይሳቀቅ ይውጣ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። አልኮል የማይጠጡ ወንድሞች ቁጥራቸው እየጨመረ ነው። ጽዋ ሲነሳ የሚሳቀቁ አሉ። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

---

በር_ላይ፦

ውሃም ይሁን ለስላሳ፣ እኛ ጋ ማንም ብርጭቆው ውስጥ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሰው ልጠይቅ ወይስ ልተው ብሎ እንዳይጨነቅ፣ ውሃው ከወይኑ እኩል ቅርብ ይሁን።

---

ጸሐፊው፦

የመዝጊያ ሰዓቱን ጥሪ ወረቀት ላይ ማስገባቱ ቀላል ነው፣ ማስተሩ ከተስማማ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አስገባዋለሁ። ለማዕድ የሚቆይ ሰው ግን ከስብሰባው ከአምስት ቀን በፊት ስሙን ያስመዝግብ። እንግዳ ይዛችሁ የምትመጡም ከየትኛው ግራንድ ሎጅ እንደሆነ አብራችሁ ላኩልኝ። ሰርተፊኬቱንም ይዞ ይምጣ፣ በር ላይ ይታያል።